ዐረብኛ የሚሰማ ጠበቃ

በዛች ዐረብኛን የተማረችው ተንበርክካ ነው። መጀመሪያ ጅዳ፣ ቀጥሎም ሪያድ፣ የሰው ቤት እምነበረድ ስትወለውል የወጣትነት ዕድሜዋ አለቀ። የሄደችውም በገዛ ስሟ አልነበረም። ደላላው በክርስቲያን ስም ቪዛ አታገኚም ስላላት «ሀያት» ተብላ ተሳፈረች፤ እዚያም ሀያት ስትባል ኖረች። ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ይዛ የመጣችው መታጠፍ የማይወዱ ሁለት ጉልበቶች፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ቤት የሠራችበት ጥሪትና ያ ዐረብኛ ነበር።

ዐረብኛውም ቢሆን የትእዛዝ ዐረብኛ ነው። ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ ጥረጊ፣ ፍጠኚ፣ በቃ። ስለ ሳሙናና ስለ ሩዝ ቢያወሯት ከማንም አታንስም። በደልን፣ መብትን፣ ትዳርን የሚመለከት ቃል ግን አላወቀችም፤ በእነዚያ ቤቶች ስለዚህ ነገር ያነጋገራት ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ በሰፈሩ «በዛች ዐረብኛውን ታንበለብለዋለች» ይባልላታል። እሷም አላስተባበለችም። ክርና አዝራር ቸርችሮ ለሚያድር ሰው ትንሽ ዝና ምን ይጎዳል ብላ ተወችው።

ሁዜይፋ ሚስቱን ወደ እሷ ቤት ያመጣት ይህንኑ ሰምቶ ነው።

ሁዜይፋ የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ሳውዲ እገባለሁ ብሎ በባሕር ወጥቶ የመን ላይ ቀረ። ሁደይዳ በምትባል የወደብ ከተማ ዓሣ ሲጭን ሲያወርድ የዓሣ ነጋዴውን ልጅ አርዋን አየ፣ ወደዳትም። ኒካሕ ታሰረ፤ ሰልማ የምትባል ልጅ ወለዱ። ጦርነቱ ከተማዋ ደጃፍ ሲደርስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ በጅቡቲ በኩል አገሩ ገባ።

«እቴ በዛች፣» አላት የጓሮውን የኪራይ ክፍል እየዞረ እያየ፣ «ሰው አታውቅም፣ ቋንቋ አታውቅም። አንቺ ዘንድ ከሆነች ልቤ ያርፋል። ደሴ የሞባይል ሱቅ ልከፍት ነው፤ ትንሽ ልደላደልና መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

በዛች ፊቱን አየችው። የሚዋሽ አይመስልም ነበር። ምናልባትም ያኔ አልዋሸም።

አርዋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ብሏት ነበር። ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የከፋውን ሰው «አብሽር»፣ «አብሽሪ» እያለ ያጽናናል። ጎረቤቱ ሁሉ እንግዳዋን ባየ ቁጥር «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ሲላት፣ ይኼ ሰው ሁሉ ቋንቋዬን ይናገራል ብላ በዐረብኛ ታወርድለታለች። ሰዉ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ከዚያች ቃል ወዲያ የሚከተል ነገር እንደሌለ ሲገባት ቤቷን ዘግታ መዋል ጀመረች። የደጋው ብርድም አላስወጣትም።

የሁዜይፋ ስልክ እየራቀ ሄደ። የአርዋ ስልክ ተበላሽቶ ስለነበር ሲደውል በበዛች ስልክ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወለና «አርዋን አገናኚኝ» አለ። ሰልማ ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። በዛች ስልኩን ለአርዋ ሰጠችና ዚፕ የሚፈልግ ልብስ ሰፊ ሱቁ ላይ ቆሞባት ስለነበር ወጣች። ስትመለስ አርዋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ምን አለሽ?» አለቻት በዐረብኛ።

አርዋ ደከም ያለ ፈገግታ አሳየቻትና «እሺ» አለች። ከአማርኛ የምታውቀው ያችን ቃል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁዜይፋ አልደወለም። የቤት ኪራዩ ቀረ፤ ለእናትና ልጅ መኖሪያ የሚልከውም ቀረ። በዛች ኪራዩን ረሳሁት አለች፤ እንጀራም ከራሷ መሶብ ታቀርብ ጀመር። ቆይቶ ከደሴ ዕቃ ጭኖ የመጣ አንድ ነጋዴ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሁዜይፋ እዚያ ሌላ ሴት አግብቶ እንደሚኖር እንደ ቀላል ነገር አወራ። በዛች ያንን ለአርዋ እንዴት እንደምትነግራት ስታስብ ሰነበተች። በመጨረሻ በምታውቀው ቃል ነገረቻት፦ «ሁዜይፋ። ደሴ። ሌላ ማዳም።» ሌላ ቃል አጥታ ነው። ማዳም የምትለው አሠሪዎቿን ነበር።

አርዋ አላለቀሰችም። ሰልማን አቅፋ ግድግዳውን ስታይ ዋለች።

ሁዜይፋ በከተማው አጎት ነበረው፤ የተከበሩ ሰው ናቸው። በዛች አርዋን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ሰውየው በወጉ ተቀብለው አስቀመጧቸውና አቀርቅረው ቆዩ።

«ልጄ፣ እኔም አፍሬያለሁ» አሉ ቀና ብለው። «ግን ፈትቷታል እኮ። በስልክ ነገርኳት፣ እሷም እሺ ብላለች ነው የሚለው። ወላሂ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

በዛች ስልኩን ለአርዋ ትታ የወጣችበት ያ ረፋድ ትዝ አላት። ወደ አርዋ ዞራ «ጠላቅ?» አለቻት፤ ፍቺ ማለት ነው፣ ይህቺን ቃል ወሎ ውስጥ የማያውቃት የለም። አርዋ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አለች። ከዚያ ዐረብኛው ወረደ። በዛች እንዲህ ያለ ንግግር ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ሁሉ ጎርፍ ውስጥ «ስልክ»፣ «ልጄ»፣ «እኔ»፣ «አይደለም» የሚሉትን ብቻ ለቀመች። ሽማግሌው «ምን እያለች ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ የሰፈሩ ዐረብኛ አዋቂ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አይደለም ነው የምትለው» አለች በመጨረሻ።

ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ሄዱ። እዚያ ያሉት ቃዲ የየመኑን የኒካሕ ወረቀት አንብበው ጋብቻው በወጉ የታሰረ መሆኑን ተረዱ፤ ለአርዋም በኪታብ ዐረብኛቸው ረጋ ብለው አስረዷት፤ የእሷን ፈጣን አነጋገር ግን ብዙም አልተከተሉትም። ባል ለሚስቱ የሚሰጠውን ነፈቃ የሚመለከት ጉዳይ ከሆነ መዳኘት እንችላለን አሉ፤ ግን ሁለቱም ወገን እዚህ ለመዳኘት ካልተስማሙ መዝገብ መክፈት አንችልም አሉ። ሁዜይፋ በአጎቱ በኩል ተጠየቀ። አልስማማም አለ። መደበኛ ፍርድ ቤት ትክሰሰኝ አለ፤ እዚያ ማን ይሰማታል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

በከተማው ኒቆዲሞስ የሚባል ጠበቃ አለ፤ የቄስ ልጅ፣ ቅን ሰው። ቢሮው ገብተው ተቀመጡ። ኒቆዲሞስ ይጠይቃል፤ በዛች በኩሽና ዐረብኛዋ ታቀብላለች፤ አርዋ ረጅም መልስ ትሰጣለች፤ በዛች አሳጥራ ትመልሳለች። ፀሐዩ ከመስኮቱ ወርዶ ወለሉን ለቀቀ፤ እሱ ግን ገና ግማሽ ገጽ አልጻፈም።

«እንዲያው እኔ ልጠይቅሽ፣» አላት ብዕሩን አስቀምጦ፣ «እሷ ይህን ያህል ስታወራ አንቺ "ክፉ ሰው ነው አለች" ብቻ ነው የምትዪኝ። ሌላው የት ይሄዳል?»

በዛች አንገቷን ደፋች። «አይገባኝማ። እኔ የማውቀው ሲያዙኝ ነው።»

ኒቆዲሞስ አልሳቀም። «ጥፋት የለብሽም። ብቻ ይኼ ነገር በግምት አይያዝም። ተፋታች ካልን የምትጠይቀው ሌላ፣ አልተፋታችም ካልን የምትጠይቀው ሌላ። እኔ በግምት ጽፌ ቢሳሳት የሚዘጋው የእሷ ጉሮሮ ነው። ዐረብኛ የሚሰማ ጠበቃ ፈልጉ። ደሴ ፋሩቅ የሚባሉ ሽማግሌ ጠበቃ አሉ፤ ካርቱም የተማሩ ናቸው። ሰውየውም የሚኖረው ደሴ ስለሆነ ክሱ መከፈት ያለበት እዚያው ነው።»

ደሴ መሄድ በቀላሉ የሚሆን አልነበረም። አንዳንድ ሳምንት መንገዱ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ተከፈተ ተብሎ መናኸሪያ ሲደርሱ አውቶቡሱ አይወጣም። ሁለቱ ሴቶች ስንቃቸውን ይዘው ወጥተው፣ ስንቃቸውን ይዘው ሲመለሱ ሰነበቱ። ሲቀናቸው ደግሞ ሰልማን መሐላቸው አድርገው በአቀስታ፣ በጉጉፍቱ ብርድ አልፈው፣ በዛች ጉልበቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ አቧራ ለብሰው ደሴ ገቡ። ፋሩቅን ለማግኘትም አንድ ቢሮ ሲሄዱ ተዛውረዋል፣ ሌላው ጋ ሲሄዱ ታመዋል ተባሉ። በመጨረሻ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ደረጃው የተሸራረፈ ፎቅ ላይ አገኟቸው። ነጭ ጢማቸውን በወጉ የከረከሙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው።

ፋሩቅ አርዋን በዐረብኛ ሰላም አሏት። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ወላጆቿ፣ ስለ አገሯ ጠየቋት። አርዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ከዚያ መናገር ጀመረች። ተናገረች፣ ተናገረች፤ ፋሩቅ ቀስ ብለው ይጽፋሉ፣ አንዳንዴ ያስደግሟታል። መሐል ላይ አርዋ አንድ ነገር ብላ ፋሩቅ በሳቅ ፈነዱ። እሷም ሳቀች። በዛች ከአንዷ ወደ ሌላው አየች። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ግቢ ሲኖሩ አርዋ ቀልደኛ ሴት መሆኗን አታውቅም ነበር።

«ምን አለች?» አለች።

«ባሌ ዓሣ ቢሆን ኖሮ አባቴ ገና ከመረቡ ሲያወጣው መበላሸቱን በጠረኑ ያውቅ ነበር አለች» አሉ ፋሩቅ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «የስልኩን ነገርም ነገረችኝ። የዚያን ቀን ልጅቱ ታማ ነበር አይደል? እሷ በዐረብኛ ልጃችን ትኩሳት ይዟታል፣ መድኃኒት ላክልኝ ትለዋለች። እሱ በአማርኛ የሆነ ነገር ይላታል። ቋንቋዋን እያወቀ ሆን ብሎ በአማርኛ። መድኃኒቱን እልካለሁ ያላት መስሏት እሺ አለችው።»

በዛች ወደ መስኮቱ ዞረች። ከመስኮቱ ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይጮኻል። ልብስ ሰፊው የገዛት ዚፕ ቀለሟ ሳይቀር ትዝ አላት። ጥቂት ደቂቃ ብትጠብቅ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ብትሰጣት... አሰበችና ማሰቡም ደከማት።

«አሁንስ ተፈታች ማለት ነው?» አለች።

«በሕጉ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። እሱ በስልክ ያወራው አይፈታትም። ሚስቱ ናት፤ ሚስቱ እስከሆነች ድረስ ቀለብ መስጠት አለበት፣ ለልጁም እንደዚሁ። ይህን ነው የምንጠይቀው።» ስለ ክፍያው ስትጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «ለአቅመ ቢስ በነጻ የመቆም ግዴታ አለብኝ። በዚያ ይያዝልኝ።»

በዛች ከዚህ በኋላ ሸክሙ ከጫንቃዋ የሚወርድ መስሏት ነበር። አልወረደም።

የመጀመሪያው ችሎት ዕለት ሁዜይፋ ጠበቃ ይዞ፣ ጫማው ተወልውሎ መጣ። አርዋን አላያትም። ሰልማ «ባባ» ብላ ስትጣራ ግን አንገቱ ቀላ። ዳኛዋ አርዋን ጠየቋት፤ ፋሩቅ ሊተረጉሙ ብድግ ሲሉ ዳኛዋ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ጠበቃዋ አስተርጓሚዋም ሊሆን አይችልም። ሌላ ሰው ይቅረብ።»

ፋሩቅ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ልክ ናቸው» አሉ በለሆሳስ፣ ለበዛች።

በዛች ተነሣች። እኔ ልሞክር አለች። የሁዜይፋ ጠበቃ ወዲያው ተቃወመ፦ አከራይዋ ናት፣ ያልተከፈላት ኪራይ አለ፣ በነገሩ ጥቅም አላት። ዳኛዋ አሰቡና ተቃውሞውን ተቀበሉ። ገለልተኛ አስተርጓሚ እስኪገኝ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በዛች አፍራም ተናዳም ወጣች፤ ውስጥ ውስጡን ግን እፎይ ብላ ነበር። የማታውቀውን ዐረብኛ ችሎት ፊት ከመናገር ተርፋለች።

በሁለተኛው ቀጠሮ መንገዱ ተዘግቶ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ፋሩቅም ያን ቀን ታመው ስለነበር ከሳሽ አልቀረበችም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ፋሩቅ አመለከቱ፤ ተከፈተ። ቀጥሎ አስተርጓሚ ይሆናል የተባለው የመድረሳ መምህር ታመመ። ቀጥሎ ዳኛዋ ስብሰባ ሄዱ። በዛች ከእያንዳንዱ ጉዞ ስትመለስ ሱቋን ከፍታ፣ ከባንኮኒው ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታንቀላፋለች፤ ደንበኛ አጠገቧ ቆሞ ሲያስነጥስ ነው የምትነቃው። ሰዎች «ምን አገባሽ? ዘመድሽ አይደለች» ይሏታል። እሷ ክሯን ትጠቀልላለች። ሪያድ ሳለች አንድ ጊዜ ታማ ወድቃ፣ ምኗን እንዳመማት የሚጠይቃት ጠፍቶ «ቁሚ» ብቻ ይሏት ነበር። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ለመንገርም ጊዜው አልነበራትም።

በዚህ ሁሉ መሐል አርዋ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በዛች ስትደክም ሱቁ ላይ እየተተካች አዝራር ትሸጣለች፤ ክር በቀለሙ ትጠራለች፣ ከገበሬ ጋር ትከራከራለች። አማርኛዋ የመካነ ሰላም ገበያ አማርኛ ሆነ፤ «ኧረ ወንድሜ አይበቃኝም፣ ጨምርልኝ» ስትል የሰማ የመን የተወለደች አይላትም። ልጅቱማ ከሰፈር ልጆች ጋር በአማርኛ መሳደብ ጀምራ እናቷ ትቆጣታለች።

በስተመጨረሻ ችሎቱ የተሟላበት ቀን መጣ። ከሕመሙ የዳነው መምህር በአስተርጓሚነት ማለ፤ እየተረጎመ ጥያቄው ሄደ። የሁዜይፋ ጠበቃ ወደ አርዋ ቀረበ።

«ደንበኛዬ በስልክ ፈትቼሻለሁ ሲልዎት እሺ ብለዋል ወይስ አላሉም?»

መምህሩ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት አርዋ እጇን አነሣች። በአማርኛ መለሰች፤ ጮኻ አይደለም።

«ብያለሁ። የዚያን ቀን ፈታሁ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ታማብኝ ነበር፣ መድኃኒት የሚልክልኝ መስሎኝ ነው። እሱ እንደማይገባኝ ያውቃል። ዐረብኛ ከእኔ እኩል ይችላል። ለምን በዐረብኛ አልነገረኝም? ጠይቁልኝ።»

ዳኛዋ ወደ ሁዜይፋ ዞሩ። «ይመልሱ» አሉት። ሁዜይፋ ጠበቃውን አየ፣ ወለሉን አየ። «ቸኩዬ ነበር» አለ።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ጋብቻው እንደጸና ነው፤ ባል ለሚስቱም ለልጁም ቀለብ ይቁረጥ ተባለ። አርዋ ፋሩቅን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። በዛች እልል እላለሁ ብላ ብታስብም እልልታው አልመጣላትም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ ቆየች።

«አለቀ አይደል?» አለቻቸው ፋሩቅን።

«ውሳኔው አለቀ» አሉ እሳቸውም በድካም። «ካልከፈለ ደግሞ የአፈጻጸም መዝገብ እንከፍታለን።»

በዛች ሳቀች። ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት ነው።

እንደተባለውም አልከፈለም። ይግባኝ ጠየቀ፣ ውሳኔው ጸናበት። የሱቁ ዕቃ ለዕዳው ይያዝ ተብሎ ትእዛዝ ሲወጣ ግን አጎቱ ደሴ ድረስ ሄደው ምን እንዳሉት አይታወቅም፣ ቀለቡን በእሳቸው እጅ መላክ ጀመረ። አንዳንድ ወር ይዘገያል፤ አንዳንዴ ጎደሎ ነው። ይመጣል ግን። አርዋ የመጀመሪያው ሲደርሳት ለሰልማ ሹራብ ገዛች፤ ለበዛች የኋላ ኪራይ ልትሰጥ ብትል በዛች «ረስቼዋለሁ አልኩሽ እኮ» ብላ ተቆጣች።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ አንድ ምሽት በዛች እግሯን ለብ ያለ ጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። አርዋ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ወስኛለሁ።»

«ምን?»

«ፍቺ እፈልጋለሁ። በፍርድ ቤት፣ ደህና አድርጎ። እሱ በስልክ እንዳደረገው ሳይሆን እኔ ጠይቄ። ለጋሽ ፋሩቅ ደውዬላቸዋለሁ። ለእኔ የሚቆርጠው ሊቀር ይችላል፣ የልጅሽ ይቀጥላል አሉኝ። ይቅር። ሱቁን እየሠራሁ እኖራለሁ።»

በዛች ዓይኗን ጨፈነች። ጉጉፍቱ ታያት፤ አቧራው፣ የፎቁ ደረጃ፣ «ሌላ ቀጠሮ» የሚለው ድምፅ።

«አርዋ፣ እኔ አልችልም» አለች። «እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። በዚህ ጉልበት ከእንግዲህ ደሴ አልመላለስም።»

«ማን ነይ አለሽ?» አለች አርዋ። ፎጣውን አነሣችና የበዛችን እግር ከውሃው አውጥታ ታደርቅ ጀመር። በዛች እግሯን ልትሰበስብ ሞከረች፤ እግሯን ሰው አድርቆላት አያውቅም። አርዋ አልለቀቀቻትም። «ብቻዬን ነው የምሄደው። አንቺ ሰልማን ያዥልኝ።»

በሳምንቱ ጎህ ሳይቀድ አርዋ ጥቁር ካባዋ ላይ ወፍራም ጋቢ ደርባ ወጣች። በዛች እስከ አውራ ጎዳናው ሸኘቻት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ያጓራል፤ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ይጣራል። አርዋ የመቀመጫ ቁጥሯ ተሳስቷል ብላ ከረዳቱ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ረዳቱም ተሸንፎ ሌላ ሰው ሲያስነሣላት በዛች ቆማ አየች።

አውቶቡሱ ሲሄድ ወደ ቤት ተመለሰች። ሰልማ አፏን ከፍታ ተኝታለች። የሱቁን በር የምትከፍትበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ቁልፉን አንሥታ ትንሽ አመነታችና መልሳ አስቀመጠችው። ነጠላዋን አውልቃ ከልጅቱ ጎን ጋደም አለች። ደጅ አንድ ሰው ነጭ ክር አለ ወይ እያለ ሁለት ጊዜ ያህል አንኳኳ። አልተነሣችም።